የመምሬ ሽፈራው ግዝት

ካፒቴኑ ስለ ግዝት ከማን እንደ ሰማ አውቃለሁ። ከግርማ ነው። ግርማ አስተርጓሚው ነበር፤ የቄስ ልጅ ነው ይባላል፤ አገሩን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሥራ የያዘ ሰው አገሩን አለማሰደቡ ደግ ነው። ጣልያን ብቻውን ስለ እኛ ምን ያውቃል? ጅራፍ ያውቃል፣ እሳት ያውቃል። ሰውን በነፍሱ በኩል አንቆ መያዝ እንደሚቻል ያስተማረው የኛው ሰው ነው።

ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥቅምት፣ የቆላው ማሽላ ሊደርስ ሲል ነው። በዚያ ሰሞን አርበኞች ከተራራው ወርደው በአዲሱ መንገድ ሥራ ሰፈር ላይ ተኩሰው ነበር። አንዱ እግሩን ተመታ፤ ደሙ እስከ ሮቢ ወንዝ እየተንጠባጠበ ሄዶ እዚያ ጠፋ። ጣልያኖቹ መንደሩን በረበሩ፣ ሽማግሌ ገረፉ፣ ምንም አላገኙም። ሐሙስ ጠዋት ካፒቴኑና ግርማ አስካሪ የሚባሉትን የጣልያን ጥቁር ወታደሮች አስከትለው ግቢያችን ገቡ። እኔ ደጅ ላይ የአምናውን ማሽላ አበጥራለሁ፤ ባሌ መምሬ ሽፈራው ግድግዳ ተደግፈው ዳዊት ይደግማሉ።

ካፒቴኑ በቋንቋው ጥቂት ተናገረ። ግርማ ብዙ አድርጎ ተረጎመው።

«መምሬ፣ ሽፍታው ከእርስዎ አጥቢያ አልወጣም። ወንዙን ተሻግሮ ከአንዱ ክርስቲያን ቤት ገብቷል። እሑድ ሕዝቡ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሰበሰባል፤ እርስዎ ይገዝቱታል። የደበቀም፣ የደበቀውን የሚያውቅም፣ እዚያው ቀርቦ ካልተናገረ ውጉዝ ይሁን ይላሉ። በቃ፤ ሌላ አንጠይቅም።»

«ባልገዝትስ?» አሉ መምሬ።

ግርማ ለካፒቴኑ ለመተርጎም እንኳ አልደከመም። «ቤተ ክርስቲያንዎ ማርያም ክዳኗ ሣር ነው፤ ክብሪት ይበቃታል» አለ። «ከየቤቱም አንድ አንድ ወንድ ይሰቀላል። እርስዎን ቢሰቅሉ ደግሞ ከአጣዬ ሌላ ቄስ ይመጣል፤ እሱ ይገዝታል።»

ሲወጡ ካፒቴኑ ያበጠርኩትን ማሽላ በጫማው ረግጦ አለፈ። አላየውም መሰለኝ። አንድ አስካሪ በራችን ላይ ተዉልን፤ መምሬ በሄዱበት ሁሉ እንዲከተል ነው።

ግዝት ሰንበር የለውም፣ ቁስል የለውም፤ ቃል ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ግን ቄስ «ውጉዝ» ካለ ቃሉ የተነገረበትን ሰው ፈልጎ ያገኘዋል፤ እሱን ቢያጣ ልጁን ያገኛል ይባላል። ጅራፉን ጥርሱን ነክሶ የቻለ ወንድ ለግዝት ሲንበረከክ በዓይኔ አይቻለሁ። የጠፋ በሬ፣ የተካደ አደራ በኛ አገር የሚገኘው በዳኛ ሳይሆን በቄስ አፍ ነው።

ዋናውን ልናገር። ቁስለኛው የት እንዳለ አውቅ ነበር።

ማንም አልነገረኝም። ከወንዙ ማዶ የምትኖረው ጽጌ ማርና አሮጌ ነጠላ ልትለምነኝ መጣች። «ልጄን ሳል ይዟት ነው» አለች። ማሩስ ይሁን፤ ነጠላ ለሳል ምን ያደርጋል? ዝም ብዬ ሰጠኋት። ታናሽ ወንድሟ በቀለ «ለንግድ አሊዩ አምባ ሄዷል» ከተባለ ቆይቷል፤ ያለ አህያና ያለ ጨው የሚነግድ ነጋዴ ግን እኔ አላየሁም። መምሬም ያውቁ ነበር። የንስሐ አባቷ ናቸውና ለእሳቸው ተናዝዛለች። ይህን የገመትኩት ስሟ በተነሣ ቁጥር ወሬ ሲቀይሩ አይቼ ነው። የንስሐ ልጅ ምስጢር ለሚስት አይነገርም። ስለዚህ ሁለታችንም እያወቅን፣ አንዳችን ለአንዳችን እንዳላወቅን ሆነን አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠናል።

ሌላ ሴት ብትሆን ይህን ያህል አልፈራም ነበር። ጎረቤቴ እትዬ አሰገደች ብትሆን ግዝቱንም ካፒቴኑንም አንድ ላይ ረግማ ቤቷ ትገባለች። ጽጌ ግን ከግዝት የተረፈች ልጅ ናት። ሕፃን ሳለች አባቷ የወሰን ድንጋይ አፍልሷል ተብሎ ቄስ ገዘተ፤ አባት አልተናገረም። በዚያው ዓመት ንዳድ ገባና አባትን፣ እናትን፣ ሁለት ልጆችን ጠራርጎ ወሰደ። የተረፉት ጽጌና በቀለ ብቻ ናቸው። ንዳድ የተገዘተውንም ያልተገዘተውንም እኩል እንደሚወስድ እናውቃለን፤ ይህን ለጽጌ ማስረዳት ግን ሮቢን ወደ ደጋ ፍሰስ እንደ ማለት ነው። ባሏ ማይጨው ቀርቷል። አሁን ያላት ያቺ የምታዝላት ሴት ልጅ ናት። መምሬ «ውጉዝ» ካሉ ከወንድሟና ከልጇ አንዱን ትመርጣለች፤ የትኛውን እንደምትመርጥ ለመገመት እናት መሆን ይበቃል። በቀለ ከተያዘ ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም፤ የደበቀችውም ትሰቀላለች። ይህን እሷ ታውቃለች። ልጄን ቃል ከሚያገኛት እኔን ገመድ ያግኘኝ ትላለች።

ዓርብ ጾም ነው፤ መምሬ ግን ጾሙ ከተፈታም በኋላ እህል አልቀመሱም። ከቤት ወደ በር፣ ከበር ወደ ቤት ይመላለሳሉ። ወደ ማዶ ተሻግረው እንዳያናግሯት አስካሪው ከኋላቸው ነው፤ የረገጡትን ቤት ሁሉ ለካፒቴኑ ያሳያል። እኔም ብሻገር አስጠረጥራታለሁ ብዬ ፈራሁ። ቢገዝቱም ፈራሁ፣ ባይገዝቱም ፈራሁ፤ በግዝቱ ውስጥ ደግሞ የሚያውቅ ሁሉ አለበትና ለራሴም ፈራሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አጠገቤ ተቀመጡ።

«ዘርትሁን፣ አፌ ብሎ ልቤ ባይልስ?»

«ግዝት ልብ አያይም መምሬ። አንቱ አይደሉ ያስተማሩን? ቃሉ ከቄስ አፍ ከወጣ የቄሱ አይደለም ብለው።»

«ደግ አላስተማርኩም» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ክህነቱ የፈረሰ ቄስ ቢገዝት ይይዛል?» አሉኝ።

ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። «የተሰነጠቀ ገንቦ ውሃ ይይዛል?» አልኩ፤ እንዲሁ አፌ ላይ የመጣልኝን ነው።

መምሬ ብዙ አዩኝ። «አይይዝም» አሉ። «ስንጥቁን ሰው ሁሉ ካየውማ ውሃ ሊቀዳበት የሚያነሣውም የለም።»

ንዳድ ጀመራቸው እንዴ ብዬ ግንባራቸውን ዳሰስኩ። አይተኩስም።

ቅዳሜ የሮቢ ገበያ ነው። መምሬ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ፤ አስካሪው ከኋላ። እኔ ቤት ቀረሁ። ቀትር አለፍ ሲል እትዬ አሰገደች ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች።

«ዘርትሁን! ቤትሽ ወደቀ!»

«ሰቀሏቸው?» አልኩ።

«ምነው በሰቀሏቸው! በገበያው መሐል፣ ከአብዱልመጂድ ዋርካ ሥር ቁጭ ብለው የእስላም እርድ በሉ! በዓይኔ አየሁ። አጥንቱን ሲግጡ አየሁ! አገር ምድሩ ቆሞ አየ!»

ልጇን ቀብራ የመጣች እናት እንኳ እንደዚያ አትጮህም። እኔ ግን መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ሐሰት መሰለኝ።

አብዱልመጂድ የጨውና የከብት ነጋዴ ናቸው፤ ከመምሬ ጋር ወዳጅነታቸው ከእኔ ጋብቻ ይቀድማል። ግን ወዳጅነት በወጉ ነው። እነሱ በአረፋ የታረደ አይልኩልንም፤ በግ ከነነፍሱ ይልኩልናል፣ እኛ በስመ አብ ብለን እናርዳለን። እኛም በፋሲካ ሙክት ከነነፍሱ እንልካለን፣ እነሱ ቢስሚላህ ብለው ያርዳሉ። በሠርግ በሐዘን ሁለት እርድ፣ ሁለት ድስት ነው። ይህን መስመር ያለፈ ምእመን እንኳ ጠበል ሳይረጭ ከሰው ማዕድ አይቀርብም፤ ቄስማ ካለፈ ክህነቱ ፈረሰ ማለት ነው። ሊቃውንቱ ይፈርሳል አይፈርስም ብለው ይከራከሩ ይሆናል። የሮቢ ሰው ግን አይከራከርም፤ በቃ ፈርሷል።

«ጣልያን እስላሙን ያቀርባል አይደል» አለች አሰገደች። «ለጣልያን ለማደር ነው። ነገ ጥምጣሙን ይለውጡታል።»

ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። መምሬን ያገባሁት በቁርባን ነው፤ የሳቸው መፍረስ የኔም መፍረስ ነው። አፈርኩ፤ ካፈርኩትም ይልቅ ተናደድኩ። ሰው ሲፈራ ይሸሻል፣ ይደበቃል፣ ይዋሻል። በገበያ መሐል አጥንት መጋጥ ምን የሚሉት ፍርሃት ነው?

ወደ ማታ መጡ። ጥምጣምም መስቀልም የለም። እቤት አልገቡም፤ እደጁ ላይ ተቀመጡ። «የማዶዎቹ ሁሉ ገበያ ወጥተው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ይህ ነው የሚያሳስብዎ ብዬ በሩን ዘጋሁባቸው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የአብዱልመጂድ ሚስት ራቢዓ መጣች። በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

«እትዬ ዘርትሁን፣ የመምሬን መስቀልና ጥምጣም ነው» አለችኝ። «ሊበሉ ሲሉ አውልቀው ለኛ ሰውዬ በአደራ ሰጡ። በእጃችን አልነካነውም፤ ራሳቸው ናቸው የጠቀለሉት። አሁንም ደጅ ላይ ብሰጣቸው ‹ለእሷ ስጫት› አሉኝ።»

በሩን ከፈትኩላትና ውስጥ አስቀመጥኳት። የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ።

እነሱ ያን ቀን ለሰደቃ ፍየል አርደው ነበር። መምሬ ከዋርካው ሥር መጡና «አብዱልመጂድ ወንድሜ፣ ከእርድህ አብላኝ» አሉ። አብዱልመጂድ መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። ቆይተው ፊታቸው ጠቆረ። «መምሬ፣ ይህን ያህል ዘመን ስንዋደድ ማዕዴን አልነኩም፤ እኔም የእርስዎን አልነካሁም። ወጋችን ነው፣ አልከፋኝም። ዛሬ ግን ለመርከስ ነው የመጡት። የኔ ገበታ ሰው የሚረክስበት ነው ወይ?» አሉ።

መምሬም፣ «በኔ ዓይን አይደለም። በሰዎቼ ዓይን ነው፤ ዛሬ የሚያስፈልገኝ ደግሞ የሰዎቼ ዓይን ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ፤ የሰው ነፍስ አለበት» አሉ።

«የኛ ሰውዬ ወደ እኔ ዞረ» አለች ራቢዓ። «ቀጥሎ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ጥሩ ጥሩውን ብልት አምጪ። ወላሂ፣ ሰው ክህነቱን በአጥንት አይለውጥም› አለኝ። ቢስሚላህ ብሎ በእጁ ቆርሶ ሰጣቸው። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ያ ከባሕር ማዶ የመጣው አስካሪም ሰላምታ ሲሰጠው ተቀመጠና አብሮ በላ፤ እሱ እንደሆነ ቄስ ሥጋ ቢበላ ምን ይገርመዋል።»

ጨርቁን በእጄ እንደያዝኩ ገንቦው ትዝ አለኝ። ስንጥቁን ሰው ሁሉ ካየው ማንም አያነሣውም።

ባሌ ግዝቱን ባዶ አድርገውታል። ጣልያን ቃሉን ይሰማል፤ ሕዝቡ ግን ቃሉን የሚናገረው አፍ ከዛሬ ወዲያ የቄስ አፍ እንዳልሆነ ያውቃል። ለዚህ ሲሉ ነው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የለፉበትን ነገር በአንድ ቁራጭ ሥጋ የጣሉት። እኔ ደግሞ በር ዘጋሁባቸው።

ወጥቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስነሣ ነው ጥያቄያቸው የገባኝ። የማዶዎቹ ሁሉ ገበያ ወጥተው ነበር?

ጽጌ አልወጣችም። እንዴት ትወጣለች? ቁስለኛ ጥላ፣ ከወፍ የሚጠበቅ ማሽላ ጥላ? ቤቷ ከመንደሩ ተነጥሎ ማሽላ ውስጥ ነው፤ ቁስለኛው ከገባ ወዲህ ደግሞ እንግዳ እንዳይመጣባት ውሻዋን ፈትታለች። ወሬው አገር ሲያዳርስ፣ ሊሰማው ከሚገባው ከአንድ ቤት ብቻ ላይደርስ ነው። ነጠላዬን ለብሼ ወደ በር ሄድኩ። አስካሪው ጠመንጃውን አጋድሞ መለሰኝ። ፀሐይ ከጠለቀች ወንዝ መሻገር ክልክል ነበር። ራቢዓን በማለዳ ልልካት አሰብኩ፤ ግን «ለጽጌ ንገሪልኝ» ማለት ጽጌ ናት ማለት ነው። የማንን ምስጢር ለማን አወጣለሁ? አልላክኋትም። መምሬን ግቡ ብላቸው አልገቡም፤ ሌሊቱን እሳቸው ደጅ፣ እኔ ውስጥ፣ ሁለታችንም ሳንተኛ ነጋ። ሲነጋ ጥምጣሙንና መስቀሉን ሰጠኋቸው፤ ለካፒቴኑ ዓይን ሲሉ አደረጓቸው።

እሑድ ቅዳሴ አልነበረም፤ ያለ መምሬ ቀዳሽ አይሞላም። ካፒቴኑ ሕዝቡን ከማርያም ቅጥር በር ፊት አሰልፎ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ፤ ግርማ ከአጠገቡ ቆመ። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን፣ መሐል ለመሐል ጠመንጃ የያዙ አስካሪዎች። ከጎኔ ያሉት ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ስለ ትናንቱ ያንሾካሹካሉ። ማንም ግዝቱን የፈራ አይመስልም ነበር። አሰገደች እንዲያውም «የፈረሰ ቄስ ማንን ሊገዝት ነው» ብላ ደጋግማ ተሳለቀች። እግዜር ይስጣት አልኩ፤ ምናለ ድምጿን ከፍ ብታደርገው።

ጽጌ መጨረሻ መጣች። ልጇን አዝላ፣ ብቻዋን ከሴቶቹ ጫፍ ቆመች። በእኔና በእሷ መካከል አገር ሕዝብ ነበር። መምሬን ስታይ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። ትናንትን የሰማ ሰው እንደዚያ እጅ አይነሣም።

መምሬ ከቅጥሩ ውጭ ቆሙ። ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አልገቡም። ዓይናቸው ሕዝቡን ዞረና ከጽጌ ላይ ሲደርስ ቆመ። እሳቸውም አዩ። እጅ ስትነሣ አዩ። ካፒቴኑ ወንበሩን መታ። ግርማ «ይጀምሩ!» አለ።

ገዘቱ። የደበቀም፣ የደበቀውን የሚያውቅም፣ ቀርቦ ካልተናገረ እንደ አርዮስ ውጉዝ ይሁን አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ነበር፤ ግን ጸጥታው ትልቅ ነበርና ሁሉም ሰማ።

ጽጌ ልጇን ከጀርባዋ አወረደችና ደረቷ ላይ አቀፈቻት። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመደች። ማንም ልብ አላላትም፤ እኔና መምሬ ብቻ ነን የምናያት።

በኛ አጥቢያ ከግዝት በኋላ ሕዝቡ «ሰምቻለሁ» ለማለት መስቀል ይሳለማል፤ ከሴቶቹ መጀመሪያ የምትሳለመው የቄሱ ሚስት ናት። ተራዬ ነበር። ሮጬ ወጣሁ ማለት ይቻላል። መምሬ መስቀሉን ዘረጉልኝ። ዓይናቸውን አየሁት። እወዳቸው ነበር፤ የዚያን ቀን ያህል ግን ወድጃቸው አላውቅም። ደግሞም ከእኔ በቀር ይህን የሚጨርስላቸው ሰው አልነበረም።

«አልሳለምም!» ብዬ ጮህኩ።

አስካሪዎቹ ዞሩ። ካፒቴኑ ተነሣ።

«አንተ ሽፈራው!» አልኩ። ከተጋባን አንስቶ አንተ ብያቸው አላውቅም። «ትናንት በገበያ መሐል የእስላም እርድ በልተህ፣ ዛሬ በየትኛው ክህነትህ ነው ሰው የምትገዝተው? አፈር በበላህ! የፈረሰ ቄስ ግዝት አይይዝም! ሰው አይይዝም፣ ልጅ አይይዝም፣ ዶሮም አይይዝም!» ከእግራቸው ሥር ምራቄን ተፋሁ።

«እውነቷን ነው!» አለች አሰገደች ከኋላዬ፤ ሌሊቱን ሙሉ ይህን ስትጠብቅ ያደረች ነው የምትመስለው። «በልቷል! አይተናል!» ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። «ፈርሷል! ፈርሷል!»

ጽጌ እግሯ መሬት ላይ ተተከለ። ከአጠገቧ ወዳለችው ሴት ዞራ ጠየቀች፤ ሴትዮዋ እጇን እያወናጨፈች ነገረቻት። ጽጌ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልጇን ጡት አጎረሰችና ነጠላዋን በላይዋ ላይ ሳበች። አፏን ዘጋች።

ካፒቴኑ ግርማን ጠየቀው። ግርማ የቄስ ልጅ ነው፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገብቶታል። ፊቱ ላይ አየሁት። ግን ምን ይበል? የመከርኩህ ምክር ትናንት በገበያ መሐል፣ የራስህ አስካሪ አብሮ እየበላ ሞተ ይበል? እኔን አየኝ፣ መምሬን አየ፣ ከንፈሩን ነከሰ። ሁለት ሦስት ቃል ተናገረ። ካፒቴኑ ሳቀ። የባልና ሚስት ጠብ ነው ያለው ይመስለኛል፤ በመላው ዓለም ወንዶች የሚስቁት በዚያ ነው።

ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ጠበቁ። አንድ ሰው አልቀረበም። ካፒቴኑ ቄሱ የተባለውን ብሏልና የሚያቃጥልበት ሰበብ አጣ። ሲሄድ የመምሬን ጥምጣም በአለንጋው ጫፍ ከራሳቸው ላይ ጣለውና ግርማ ላይ አንድ ነገር ጮኸበት። ከዚያ ሳምንት በኋላ ግርማን በሮቢ አላየነውም።

በቀለ ማሽላው ሲታጨድ እያነከሰ ወደ ተራራው ተመለሰ። ይህን ጽጌ ናት የነገረችኝ፤ ጆሮዬ ላይ፣ ወንዝ ላይ ውሃ ስንቀዳ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን የአጥቢያው ሰው መምሬን ከማዕድ ለየ። «አቶ ሽፈራው» ይላቸው ጀመር። ልጅ ሲታመም ሌላ ቄስ ይጠራል፤ ሰው ሲሞት እሳቸው ከቀባሪው ጋር አፈር ይዝቃሉ። እኔን ግን ጻድቅ አደረገኝ! «ለሃይማኖቷ ስትል ባሏን ያልማረች» እያለ መንገድ ይለቅልኛል። አሰገደች ከሴቶቹ ፊት አስቀድማ ታቆመኛለች። እውነቱን እንዳልናገር ጣልያን አለ፤ ግዝቱ ለማን ሲባል እንደተበላሸ ከተወራ የሚጠየቀው ብዙ ነው።

«ንስሐ ገብተው ለምን አይመለሱም?» አልኳቸው አንድ ቀን። «ጠበል ይረጩ፣ ቀኖና ይቀበሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር የማይፈታ አይደለም።»

«አሁን ብጠገን ያ ቃል አብሮኝ ይጠገናል ብላ ትፈራለች» አሉ። ማን እንደሆነች አልነገሩኝም፤ እስከ ዛሬም ስሟን አልጠሩልኝም። «ጣልያን እስኪወጣ እንደ ተሰነጠቅሁ ልቆይ።»

ኅዳር ጽዮን የማርያማችን ዓመት በዓል ነው፤ ቀዳሽ ከአጣዬ መጣልን። አብዱልመጂድ እንደ ወትሮው ጾሙ ሲፈታ ለገና የምናርደውን በግ ከነነፍሱ ላኩልን። «ቄስ ባይሆኑም ክርስቲያን ናቸው» አሉ ተብሎ ተነገረኝ። በበዓሉ ጠዋት እኔ ከሴቶቹ ፊት፣ ከበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። መምሬ ከቅጥሩ ውጭ ከግራሩ ሥር፣ ቅዳሴ መግባት ከማይችሉት ጋር ቆመዋል። ዲያቆኑ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ሲደርስ ከንፈራቸው እንደሚንቀሳቀስ ሳላይም አውቀዋለሁ።

ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣሁ። አሰገደች ነጠላዬን ሳበችኝ፤ አልዞርኩም። ሄጄ ከመምሬ አጠገብ ቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ ከበሩ ሌላ ሰው ወጣ። ጽጌ ናት፤ ልጇን አዝላለች። በመምሬ በሌላኛው ጎን ቆመች።

መምሬ አላዩንም መሰለኝ፤ ከዚያ ግን ወደ ቅጥሩ እያመለከቱ «ግቡ እንጂ፣ ወንጌል ሊነበብ ነው» አሉን ቀስ ብለው።

አልገባንም።